መስታወቱ አጠገብ የተቀመጠው ደንበኛ

ለሚመለከተው ሁሉ ይታወቅ ዘንድ፦ የቤታችን ቡፌ ሁለተኛው መሳቢያ፣ ከተሠራ ጀምሮ የማንኪያና የሹካ መኖሪያ ሆኖ ሲያገለግል ከቆየ በኋላ፣ በእናቴ ውሳኔ ለመድኃኒት ተላልፏል። ነባር ነዋሪዎቹ ያለ ማስጠንቀቂያ ተነሥተው በአንድ የፕላስቲክ ባልዲ ውስጥ እንዲሰፍሩ ተደርጓል። ቅሬታ ያቀረበ አልነበረም። አንድ የሾርባ ጭልፋ ብቻ ባልዲው አልበቃው ብሎ ምድጃው ላይ ተጋድሞ ሰነበተ።

እናቴ መምህርት ናት፤ ባዶ ሳጥን ካየች ሳትመድብ አታልፍም። የማንኪያው ክፍል የጠዋት፣ የሹካው የቀን፣ የቢላዋው የማታ ክኒን ማደሪያ ሆነ። ከዚያ ወዲያ በቤታችን የመድኃኒት ስም የሚጠራ ጠፋ።

"አባዬ፣ ሹካህን ውጠሃል?" ትላለች ከጓዳ።

"ሹካዬንም ቢላዋዬንም ውጫለሁ፤" ይላል አባባ። "የቀረኝ ሳህኑ ነው።"

አባባ የእናቴ አባት ነው፤ ልብስ ሰፊ። ሱቁ ከቤታችን ፊት ለፊት፣ መንገዱን ተሻግሮ ነበር። ከትምህርት ቤት ስመለስ እናቴ እስክትመጣ የምቆየው እዚያ ነው። ሰባት ዓመቴ ነበር። ቀጭን ስለነበርኩና በማያገባኝ ሁሉ ስለምሰካ ስሜን ትቶ "ስፒል" ይለኛል። ሱቁ ሁለት ሕግ ነበረው። አንደኛው፣ የጨርቅ መቀስ ወረቀት አይቆርጥም። ሁለተኛው፣ የደንበኛ ልክ አይወራም። ልክ የሚጽፍበት ደብተር እንኳ አልነበረውም፤ የሰፈሩ ሰው ወገብ፣ ደረትና ክንድ በሙሉ ጭንቅላቱ ውስጥ ተደርድሮ ይኖራል።

አንድ ቀን የሥጋ ሻጩ ሚስት ብቅ አለችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "እንዲያው ለራሴ ነው፤ የባለቤቴ ወገብ ካምናው ምን ያህል ጨመረ?" አለችው።

አባባ የካውያውን ግለት በእርጥብ ጣቱ ሞከረ። ቺስ አለ።

"የደንበኛ ልክ አላወራም።"

"ኧረ ሚስቱ ነኝ!"

"አውቃለሁ። የርስዎንም ለሱ አላወራም።"

ሴትዮዋ ቀሚሷን ወደ ታች ሳብ ሳብ አድርጋ ወጣች።

ወደ ክኒኑ ልመለስ። ያኔ በኔ ግምት ክኒን ማዕረግ ነበር። አንድ ሰው ሆስፒታል ሄዶ አዲስ ክኒን ይዞ ከተመለሰ አድጓል ማለት ነው። የጎረቤቶቻችን አያቶች አንድ ወይ ሁለት ነው ያላቸው፤ ተራ ወታደሮች። አባባ ግን በፍጥነት ነው ያደገው። በመጀመሪያ የልብ ሐኪሙ "ግፊት አለህ" አለውና ነጭ ክኒን ሰጠው። ግፊት ምን እንደሆነ ባላውቅም አባባ ስላለው ኮራሁ።

ብዙም ሳይቆይ እግሩ አበጠ። አመሻሹ ላይ ቁርጭምጭሚቱ ዳቦ መስሎ ከጫማው በላይ ይገነፍላል። አባባም የጫማውን አፍ በመቀስ ሰንጥቆ (የጨርቁን መቀስ አይደለም) በመሐሉ ሸራ ሰፍቶበት የስፌት መኪናውን ፔዳል መርገጡን ቀጠለ። እኔ ደግሞ ማዕረጉ ሲያድግ እግሩም አብሮ እያደገ ነው ብዬ ደመደምኩ። ተረኛ ሐኪም አየውና ውኃውን የሚያወጣ ክኒን ጨመረለት። ውኃውም ይወጣ ጀመር። አባባ አንድ እጅጌ ገጥሞ ሳይጨርስ ወደ ጓሮ ይሮጣል፤ ደንበኛው ግማሽ ሱሪው በስፒል እንደተያዘ መሐል ሱቅ ላይ እንደ ሐውልት ተገትሮ ይጠብቀዋል። ሽንት ቤት ውስጥ የሚበልጥ ደንበኛ አለው ብዬ ጠረጠርኩ፤ ሄጄም በቀዳዳው አይቻለሁ። ማንም አልነበረም።

ከዚያ ከመቀመጫው ሲነሣ ያዞረው ጀመር። ልብስ የሚሞክርባትን ጭንቅላት የሌላት አሻንጉሊት በወገቧ ጥብቅ አድርጎ ይዞ ዓይኑን ጨፍኖ ይቆማል። ዳንስ መሰለኝ። አጨበጨብኩለት። የጆሮ ሐኪሙ ለማዞሩ ክኒን ሰጠው፤ የሹካው ክፍል ሞላ። ቀጥሎ እጁ መንቀጥቀጥ ጀመረ። የነርቭ ሐኪሙ ለመንቀጥቀጡ ሌላ ክኒን ሰጠው፤ ያኛው ደግሞ አፉን አደረቀው። ምላሱ ከላንቃው ጋር እየተጣበቀ፣ ዕድሜ ልኩን በከንፈሩ ሲያረጥበው የኖረውን የክር ጫፍ ማርጠብ አቃተው።

"ስፒል!" ይጣራል። "ምራቅ!"

ሮጬ መጥቼ ክሩን እልሳለሁ። በዚያ ወቅት የተሰፋ የሰፈሩ ልብስ ሁሉ የኔ ምራቅ አለበት። ለማንም አልተነገረም።

ዛሬ ሳስበው ከሐኪሞቹ አንዱም ክፉ አልነበረም። ሁሉም ያየውን አክሟል። አባባን በየተራ እያገላበጡ እንደሚያዩት ጨርቅ፣ አንዱ ጠርዙን፣ አንዱ ገበሩን፣ አንዱ ኪሱን አይተው መለሱት፤ ዘርግቶ ያየው ግን አልነበረም።

ደንበኛው የመጣው በዚህ መሐል ነው።

አንድ ከሰዓት በኋላ አባባ መኪናውን ድንገት አቆመና መስታወቱ አጠገብ ወዳለው ባዶ ወንበር እያየ፣ "ይቀመጡ፣ ይቀመጡ፤ አሁን መጣሁ" አለ።

"አባባ፣ ማን ነው?"

"ቀስ በይ! ዓይነ አፋር ነው።"

ድምፄን ቀነስኩ። በዚያ ዕድሜ አለ ተብዬ የማላየው ነገር ብዙ ነበር፤ ጀርም አይታይም፣ ነፋስ አይታይም፣ እናቴ "ደሞዝ" የምትለው ነገርም ቤታችን ውስጥ ታይቶ አያውቅም። አንድ ደንበኛ ቢጨመር አልከበደኝም።

አባባ ሜትሩን ከአንገቱ አወረደ። አንዱን ጫፍ ሰጠኝና፣ "ተረከዙ ላይ ያዢልኝ" አለ።

ተንበርክኬ አየሩን ያዝኩ። "እዚህ ነው?"

"ትንሽ ወደ ኋላ። አውራ ጣቱን ረገጥሽበት።"

"ይቅርታ" አልኩ፣ ለወለሉ።

"ምንም አይደል ይልሻል።" ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለ። "ግራ ትከሻው ዘቅዘቅ ያለ ነው፤ ስፖንጅ ይገባበታል። ክንዱም ረዥም ነው። ለማንም እንዳትናገሪ።"

አልተናገርኩም። ከላይኛው መደርደሪያ ላይ በጋዜጣ የተጠቀለለውን ግራጫ የሱፍ ጣቃ ሲያወርድም ዝም አልኩ። ያ ጣቃ እኔ ሳልወለድ ጀምሮ እዚያ የተቀመጠ ነው። አጎቴ ሲያገባ ጠይቆ ተከልክሏል፤ ዕድገት ሲያገኝ ጠይቆ ተከልክሏል። "ይሄ ለሚገባው ሰው ነው" ነበር የሚለው አባባ። አሁን የሚገባው ሰው መጥቶ መስታወቱ አጠገብ ተቀምጧል። አባባ የሚንቀጠቀጥ እጁን በሌላው የሚንቀጠቀጥ እጁ ደግፎ፣ ጠመኔውን በጨርቁ ላይ አስኬደ። መስመሩ እንደ ትል ተጥመለመለ፤ መቀሱ ግን፣ እንዴት እንደሆነ እንጃ፣ ቀጥ ብሎ ሄደ።

የታዩት ደንበኞች ግን ተጎዱ። የሰፈሩ ልክ አባባ ጭንቅላት ውስጥ ቦታ መቀያየር ጀምሮ ነበር። የትምህርት ቤታችን ዳይሬክተር የሥጋ ሻጩን ወገብ ለበሰ፤ ሰልፍ ፊት ቆሞ በአንድ እጁ ፊሽካ፣ በአንድ እጁ ሱሪውን ይዞ ሲመክረን አረፈደ። ሥጋ ሻጩ ደግሞ የዳይሬክተሩን ለብሶ፣ እስኪያወልቀው ድረስ ድምፁ ቀጥኖ ዋለ። ይህ ሁሉ በሳቅ ታለፈ። አንድ ቀን ግን አባባ ካውያውን የሰው ሸሚዝ ላይ ረስቶት ወጣ። ጭሱ መንገዱ ድረስ ታየ፤ ጎረቤት ገብቶ ነው ያጠፋው። ያ በሳቅ አልታለፈም።

አጎቴ መጣ። አጎቴ የእናቴ ታላቅ ወንድም ነው፤ ሰፈሩ "ስብሰባ" ይለዋል፤ ሁለት ሰው ቆሞ ሲያወራ ካየ አጀንዳችሁ ምንድነው ብሎ የሚጠይቅ ሰው ስለሆነ። ኢንሹራንስ ቢሮ ይሠራል፤ በዚህም ምክንያት ዓለምን የሚያያት ሊቃጠል፣ ሊገጭና ሊሰረቅ በሚችል መልኩ ብቻ ነው። ሱቁ ገባ፣ ጠረኑን አሸተተ፣ ራሱን ነቀነቀና ያለ አንዳች ማስጠንቀቂያ ደንበኛው ላይ ተቀመጠ።

ጮህኩ። አባባም ጮኸ። አጎቴ ስፒል የወጋው መስሎት ተስፈንጥሮ ተነሣና ቂጡን በሁለት እጁ ይዞ ዞረ።

"የታል? ገባ እንዴ?"

"ሰውየው ላይ ተቀመጥክበት!" አልኩ።

"የቱ ሰውዬ?"

አባባ ወደ ባዶው ወንበር ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ። "ይቅርታ ያድርጉልን። ልጄ ነው። ኢንሹራንስ ነው የሚሠራው።"

አጎቴ ወንበሩን አየ፤ አባቱን አየ፤ መስቀያው ላይ የተንጠለጠለውን እጅጌ ያልገባለት ግራጫ ኮት አየ። ጣቃውን አወቀው። ፊቱ ምን እንደሆነ ያኔ አልገባኝም፤ ቅናት መሰለኝ። ከአባቱ ጋር በዚያች ቅጽበት እየተለያየ እንደመሰለው የገባኝ እኔ ራሴ አባቴን ስቀብር ነው።

በማግስቱ ቤታችን ስብሰባ ተጠራ። "ዕድሜ ነው፤" ይላል አጎቴ። "ማንም ላይ የሚደርስ ነው። ዛሬ ሸሚዝ ነው፤ ነገ ሱቁ ነው፤ ከነገ ወዲያ እሱ ራሱ ነው። ሱቁን እናከራየውና እፎይ ይበል።"

"ያለ ሱቁ ምን ይሆናል?" አለች እናቴ።

"በሕይወት ይሆናል።"

አባባ ቢላዋውን ውጦ ጥግ ላይ ተቀምጧል። "እጅጌ አልገባለትም" አለ።

"ለምኑ አባዬ?"

"ለኮቱ።"

እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። አጎቴ መዳፉን ዘረጋ። አባባ የሱቁን ቁልፍ ከኪሱ አወጣና የአጎቴን መዳፍ አልፎ ጠረጴዛው ላይ ሊያስቀምጠው ሞከረ፤ እስኪያርፍ ድረስ በእጁ ውስጥ ይንቃጨል ነበር። ማዕረግ በማዕረግ ላይ ተደራርቦለት እንዴት ቁልፍ እንደሚቀማ ሊገባኝ አልቻለም።

አጎቴ ሱቁን ከማከራየቱ በፊት አባቱ መሥራት እንደማይችል ሐኪም አፍ አውጥቶ እንዲነግረው ፈለገ፤ ለራሱ ሕሊና ይመስለኛል። የነርቭ ሐኪሙ ዕረፍት ላይ ስለነበር ሌላ ክሊኒክ ቀጠሮ ያዘ። "የሚወስዱትን መድኃኒት በሙሉ ይዛችሁ ኑ" አሉን በስልክ። እናቴ ያንን ሁሉ ምደባ የምታፈርስ ሴት አይደለችም። መሳቢያውን ከነነፍሱ ከቡፌው መዝዛ፣ እንደ ትሪ በሁለት እጇ ተሸክማ ታክሲ ገባች። ከጎናችን የተቀመጠ ሰው አንገቱን አስግጎ አየና፣ "ለራስ ምታት የሚሆን አይጠፋም መቼም" አላት።

ሐኪሟ ወጣት ነበረች፤ ጉንፋን ይዟት ታነጥሳለች። ለአጎቴ መልስ ከመስጠቷ በፊት አባባን ነው ያናገረችው።

"አባቴ፣ ዛሬ ቀኑ ምንድነው?"

"ሦስተኛው አዝራርሽ ሊበጠስ ነው፤" አለ አባባ ጋውኗን እያየ። "በአንድ ክር ነው የያዘው።"

"እሺ። የሚያዩት ሰውዬ አለ አሉኝ። አሁን እዚህ አለ?"

"እዚህ ምን ይሠራል? እሱ ጤነኛ ነው።"

ሐኪሟ ሳቋን በማስነጠስ ሸፈነችና መሳቢያውን ጠረጴዛው ላይ ሳበችው። ከቢላዋው ክፍል አንድ ክኒን አነሣች። "ይሄ ለምንድነው?"

"ለእጁ መንቀጥቀጥ" አለች እናቴ።

"እጃቸው መቼ ጀመራቸው?"

"የማዞሩን መድኃኒት ከጀመረ በኋላ።"

"ማዞሩስ?"

"ያ ውኃ የሚያወጣው ከታዘዘለት በኋላ።"

"እሱስ ለምን ታዘዘ?"

"እግሩ አብጦ።"

"እግራቸውስ መቼ ነው ያበጠው?"

እናቴ መሳቢያውን አየች። ተማሪዎቿ ሰሌዳ ፊት ቆመው መልሱ በድንገት ሲበራላቸው የሚሆኑትን ሆነች። "የግፊቱን ክኒን… ሲጀምር" አለችና በዝግታ ተቀመጠች።

ሐኪሟ አፍንጫዋን ጠረገች።

"እየተያያዘ የመጣ ነው፤" አለች። "የአንዱን ጦስ ሌላው እንደ አዲስ በሽታ ቆጥሮት። የመጨረሻው ነው ሰው የሚያሳያቸው፤ አፋቸውንም የሚያደርቀው እሱ ነው።"

"ስለዚህ…" አለ አጎቴ፤ "አባዬ አላረጀም?"

"አርጅተዋል እንጂ። ግን ይሄን ሁሉ ያደረገው እርጅና አይደለም።"

በአንዴ አይቆምም አለች። ከኋላ ጀምራ ቀስ በቀስ እየቀነሰች፣ ለግፊቱ በሌላ ዓይነት ክኒን እየተካች፣ በየሳምንቱ እያየችው መሳቢያውን ታራቁተው ገባች። እኔ በጣም ተናደድኩባት። በዓይኔ ፊት የአባባን ማዕረግ እየገፈፈች ተራ ወታደር ልታደርገው ነው። ባልዲው ውስጥ ያሉት ሹካዎች እንኳ ወደ ቤታቸው መመለስ ጀምረው ነበር።

ከሁሉ የባሰው ግን ሌላ ነው። አንድ ቀን አባባ በቤታችን መስኮት በኩል ማዶ ያለውን የተዘጋ ሱቁን ረዥም ጊዜ ሲያይ ቆየና፣ "ቀረ" አለ።

"ማን?"

"ሰውየው።"

"ዶክተሯ ናት ያባረረችው!" ብዬ አለቀስኩ። እናቴ አባባ ዳነ ብላ ስታለቅስ፣ እኔ ደንበኛችንን አጣን ብዬ ሳለቅስ፣ ተቃቅፈን ተላቀስን። አባባ ሁለታችንንም አየና ሻይ አፈላልን። ኩባያዎቹን ሲያቀርብ አንድ ጠብታ አልፈሰሰም።

አጎቴ ግን ቁልፉን አልመለሰም። ደስ ብሎታል፤ ቢሆንም የተቃጠለ ነገር አንዴ ከሸተተው አይረሳም። "እናያለን" ይላል። ሲያይ ሲያይ ተከራይ አገኘ፤ ስልክ የሚጠግን ሰው። ቦታውን ሊያሳየው የመጣ ዕለት የሱቁ በር ሲንቋቋ አባባ ሰማ። የሸራ ቁራጭ የሌለበት አዲስ ጫማውን አደረገና መንገዱን ተሻገረ። ተከትዬው ሮጥኩ።

ሰላምታ አልሰጠም። በሁለቱ መሐል አልፎ አቧራ የጠጣውን ግራጫ ኮት ከመስቀያው አወረደ፤ የተቆረጡትን እጅጌዎች ከመሳቢያ አወጣ፤ መርፌ አነሣ።

"አባባ፣ ምራቅ ልስጥህ?" አልኩ።

"የራሴ አለኝ።"

የክሩን ጫፍ በከንፈሩ አረጠበ። መርፌውን ወደ ብርሃኑ አቀና። ክሩ በመጀመሪያው ሙከራ ገባ። ስልክ ጠጋኙ ይህን አይቶ አጎቴን አየ፤ ከዚያ፣ "ሌላ ቦታም እያየሁ ነው" ብሎ ቀስ ብሎ ወጣ።

እጅጌው ሲገባ፣ አዝራሩ ሲተከል፣ አጎቴ እንደቆመ ነው። ኮቱ አልቆ መስቀያው ላይ ሲወጣ ግራ ትከሻው በስፖንጅ ከፍ ብሎ ቀጥ አለ። ዛሬ እኔ ጋ ነው ያለው። ቤተሰቡ በሙሉ በየተራ ሞክሮታል፤ አጎቴ ክንዱ እጅጌው ውስጥ ጠፍቶበታል፤ ባሌ ደረቱ አልዘጋለትም፤ እኔም አንድ ቀን በር ዘግቼ ለብሼው መስታወት ፊት ቆሜያለሁ። ለማንም አይሆንም። ስፌቱ ላይ ግን እስካሁን እንከን ያገኘ የለም።

"አባዬ" አለ አጎቴ በመጨረሻ። ድምፁ የስብሰባ ድምፅ አልነበረም። "ሰው እንዳልነበረ አሁን ታውቃለህ አይደል? አዎ በለኝና ቁልፉን ውሰድ። ሌላ ምንም አልጠይቅህም።"

አባባ መዳፉን ዘረጋ። መዳፉ አየር ላይ ቆመ፤ አልተንቀሳቀሰም። ውኃ ቢቀመጥበት አይፈስም ነበር። አጎቴ ያንን እጅ ሲያይ፣ ሲያይ ቆየና ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ አስቀመጠበት። አልተንቃጨለም።

"እሺ ግን፤" አለ ዓይኑን እየጠረገ፤ "ኮቱ ለማን ነው?"

አባባ ኮቱ ላይ የቀረችውን አንዲት ክር ለቀመ።

"የደንበኛ ልክ አላወራም።"